መርፌው የሰማው

መስከረም 28
ከመርከቡ ላይ

ለቅብጥብጧ ልጃችን፤

ባሕሩን የሚያህል ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከወገቤ ሕመምና ከሞተሩ ጭቅጭቅ በቀር ደህና ነኝ። መመረቅሽን እናትሽ ጽፋልኝ ደስ ብሎኛል። የድምፅ ምሕንድስና የሚባል ትምህርት መኖሩን የሰማሁት በአንቺ ነው፤ በእኛ ጊዜ በድምፁ የሚታወቀው ጯሂ ብቻ ነበር። እደጊ፣ ተመንደጊ።

እታለም እንዴት ናት? እናትሽ በየደብዳቤው «እህትህ ደህና ናት፣ ሰላም ብላሃለች» ትለኛለች፤ ከዚያ ወዲያ ዝርዝር የለም። ስልክ እንደሆነ «ፊት የሌለው ሰው አላነጋግርም» ብላ ድሮ ትታዋለች። አንቺ ትምህርት ከጀመርሽ ወዲህ ከእሷ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ነሽና፣ የእናትሽ የአክስት ልጅ ብቻ ሳልሆን አጎትሽ ነኝ ብለሽ ከልብሽ ጻፊልኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ሳሎን ያለውን የሸክላ ማጫወቻዬን ታውቂዋለሽ። ሸክላዎቼን ወደ ኮምፒውተር ቀድተሽ እንድትልኪልኝ እፈልጋለሁ። ዲጂታል የሚባለውን ነገር እንደማልወድ ዘመድ ሁሉ ያውቃል። ግን መርከብ ላይ መርፌ አይቆምም። ማዕበል ባይኖር እንኳ ወለሉ ይተነፍሳል። የመርከብ ኤሌክትሪሺያን ሆኜ ስንቱን ሞተር አሳምሬ፣ አንዲት መርፌ ማቆም አቃተኝ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እኔም በስተርጅና ዲጂታልን አገባሁ።

አንድ ነገር ግን በጥንቃቄ አድርጊልኝ። ማጫወቻው ግድግዳው ላይ በብረት በተሰቀለ መደርደሪያ ላይ ነው። ከዚያ አውርጂውና ወለሉ ላይ፣ እጣውላው ላይ አስቀምጪው። ገመዱ ለኮምፒውተርሽ እንዲደርስ ነው። እታለምንም «ዝም በይ፣ ቁጭ በይ» እንዳትያት። እንደ ልማዷ ወዲያ ወዲህ ትበል።

ፋይሉን በኢንተርኔት ላኪው፤ ወደብ ስንደርስ አወርደዋለሁ። ደብዳቤውን ግን በወረቀት፣ በመርከብ ድርጅቱ አድራሻ።

እታለምን ሳሚልኝ።

ጋሼሽ


ጥቅምት 16
(ይህ ገጽ አልተላከም)

ጋሼ፤

እትዬ የሉም። ሌላ አጻጻፍ ፈለግሁለት፣ አጣሁ። ክረምቱ ሳይገባ፣ አንድ ጠዋት ሻያቸውን ይዤ ገባሁ፤ «እትዬ፣ ረፈደ እኮ» አልኳቸው፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ እንዳዞሩ ነበሩ። ሕመም እንኳ አልነበረባቸውም፤ ማታ ሬዲዮኑን ቀንሺ ብለውኝ ተኝተዋል፣ በቃ።

እርስዎ ያኔ ከየብስ ርቀው ነበር። እማዬ ዘመዱን ሰብስባ፦ «በውሃ ላይ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም። መሬት ይርገጥ፣ የሚያቅፈው ሰው አጠገቡ ይኑር፣ ያኔ ይሰማል» አለች። ሁሉም ተስማማ። እኔም ተስማማሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ እንዲህ ነው፤ መንደሩ ሁሉ ቀብሯቸዋል፣ እርስዎ «ሳሚልኝ» ይላሉ።

ይህን እንዳነበቡ ቤቱን ለቅቄ እንድወጣ ቢያዙኝ...

እማዬ ደረሰችብኝ። ቆማ አነበበችው፣ አጠፈችው፣ መልሳ ሰጠችኝ። «ምላስሽን ሰፋሁት ስል እጅሽ አመለጠኝ? ሆድ ይፍጀው። ሌላ ጻፊ» ብላኛለች።


ጥቅምት 16

ለማከብርዎትና ለምናፍቅዎት ጋሼ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎን በሞቀ ውሃ ያሹት፣ ሞተሩን ደግሞ ይሳደቡት፤ ሁለቱም ይሻላቸዋል። እኔ ደህና ነኝ። ሥራ ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ ስዞር ጫማዬ ከዲግሪዬ ቀድሞ አረጀ እንጂ ተስፋዬ አዲስ ነው። እትዬም ደህና ናቸው። ሰላም ብለውዎታል።

ማጫወቻውን እንዳሉኝ አውርጄ እጣውላው ላይ አስቀመጥኩት። የመጀመሪያውን ሸክላም ቀድቼ ልኬልዎታለሁ። አሁን እውነቱን ልንገርዎትና ይቆጡኝ፤ ሸክላዎ ታሟል። እንደ ጋለ ዘይት ይንጣጣል፣ ያስላል፣ ከሥሩ ደግሞ ጉርምርምታና ዱብ ዱብ የሚል ነገር አለበት። እኔ ግን ለዚህ አይደል የተማርኩት! ጫጫታውን በፕሮግራም አውጥቼ፣ ከሥር የነበረውን ዱብ ዱብታ ከነሥሩ ነቅዬ ጣልኩት። አሁን ክላርኔቱ ትራስዎ አጠገብ የተቀመጠ ያህል ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ በዲጂታል ሳያድርም ይጠራል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሸክላ ላይ ድምፅ እንደ ማሳ ትልም ነው የተቀረጸው። መርፌው ትልሙን ተከትሎ ይሄዳል፣ በሄደ ቁጥርም ትንሽ ትንሽ ይበላዋል። ስለዚህ የሚወዱትን ዘፈን በወደዱት መጠን ያበላሹታል። ዲጂታል ግን ቁጥር ነው። ቁጥር አያረጅም፣ አቧራ አይነካውም። ሺህ ጊዜ ቢሰሙት የሚሰሙት ዘፋኙን ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው አይገባበትም።

የቀሩትንም በዚሁ መልክ ላጥባቸው? ትእዛዝዎን እጠብቃለሁ።

ልጅዎ


ኅዳር 20

ለልጄ ለኢንጂነሯ፤

ሰላምታዬ ከነፋሱ ቀድሞ ይድረስሽ። ፋይሉን ወደብ ላይ አወረድኩት። ከዚያ ከጠባቧ ክፍሌ ገብቼ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሰማሁት። ጥርት ያለ ነው። አልዋሽም፣ ክላርኔቱ ውስጥ ሰምቼው የማላውቀው ነገር ሁሉ ወጥቷል።

አልወደድኩትም።

ምን እንደሚመስል ልንገርሽ? ሰው አጥበሽ፣ ገንዘሽ፣ ፊቱን አሳምረሽ የላክሽልኝ ይመስላል። ንጹሕ ነው፣ ግን አይተነፍስም። እዚህ አብሮኝ የሚያድረው ወጥ ቤት ሠራተኛ አንዱን ጆሮ አውሼው ሰማና «አሪፍ ነው፣ ምን ጎደለው?» አለኝ። «ቤቴ ጎደለው» አልኩት። «ቤትህን ፋይል ውስጥ ትፈልጋለህ እንዴ ሽማግሌው?» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። አዎ፣ እዚያ ነው የምፈልገው።

ስለዚህ ያልታጠበውን ላኪልኝ። ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ያለውን፣ ካለቀም በኋላ መርፌው ባዶው ላይ የሚሽከረከረውን፣ ሁሉንም። ምንም እንዳትቆርጪ፣ እንዳታስተካክዪ። እንዲያውም እውነቱን ከፈለግሽ ከዘፈኑ ይልቅ ባዶውን ነው የምፈልገው።

እታለም ሰላም ብላለች ያልሽውን ሁለቴ አነበብኩት። እሺ። ደስ ብሎኛል። የግራ ዳሌዋስ እንዴት ነው? ትራመዳለች?

ጋሼሽ


ታኅሣሥ 14

ለማከብርዎት ጋሼ፤

ለጤናዎ እንደምን አሉ? «ገንዘሽ ላክሽልኝ» ያሉኝ ቃል አላስተኛኝም ነበር። ባለሙያ ነኝ ብዬ ኮራሁ እንጂ ላስከፋዎት አልነበረም። እትዬ አሁን ዳሌያቸውን ጨርሶ አያማቸውም። ይህን በሙሉ አፌ ነው የምነግርዎት።

ያልታጠበውን ልኬልዎታለሁ፤ የመጣበትን መንገድ ግን ልንገርዎትና ይሳቁ። የመጀመሪያውን ገጽ ከፍቼ፣ ኮምፒውተሩ እየቀዳ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ማስታወቂያ የሚቀርጽ አንድ ስቱዲዮ «አሁኑኑ ነይ፣ ፈተና አለሽ» አለኝ። መቅጃውን እንዳለ ትቼ፣ ቤቱን ቆልፌ በረርኩ።

ባለስቱዲዮው ሰውዬ ወረቀቴን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና፦

«ልምድ የት?»

«ቤት ውስጥ» አልኩ።

«የቤት ልምድማ እናቴም አላት።»

«እንግዲያው እሳቸውን ይቅጠሩ፣ እኔ ረዳታቸው እሆናለሁ።»

ሳቀ ጋሼ! ከዚያ አንድ የተበላሸ ቅጂ አሰምቶኝ ምኑ ላይ እንዳለ ጠየቀኝ፤ ማይክራፎኑ ከጠረጴዛው ጋር ተነካክቶ እንደሆነ ነገርኩት። «እናሳውቅሻለን» አለ። ሌሎቹ ሁሉ ያሉኝ ያንኑ ቢሆንም፣ የእሱ «እናሳውቅሻለን» ፊቱም አብሮ ነበረበት።

ስመለስ ምን አገኘሁ? ሸክላው በሁለተኛው ገጽ ተገልብጦ፣ መርፌው ማረፊያው ላይ በሥርዓት ተቀምጧል። በጥድፊያዬ የትኛውን ገጽ እንደከፈትኩ እንኳ አላየሁም ማለት ነው። ቅብጥብጥ ያሉኝ ያለ ነገር አይደለም። ቅጂው ረዥም ነው፤ ሳልሰማው፣ ሳልነካው፣ እንዳለ ላክሁልዎት። ባዶ ካማረዎ ባዶ ሞልቶታል።

ልጅዎ


ጥር 27

ልጄ፤

ዛሬ ሰላምታ አላሳምርም።

ሰማኋት!

ዘፈኑ አለቀ። መርፌው ባዶው ላይ ቀረ፤ ሽ... ጭ። ሽ... ጭ። ብዙ ቆየ። ልዘጋው እጄን ስዘረጋ፣ ከሩቅ፣ ከኩሽናው በኩል መጣች። ዱብ፣ ሸርተት። ዱብ፣ ሸርተት። ቀኟ ይረግጣል፣ ግራዋ ነጠላ ጫማዋን ይጎትታል። ያንን አረማመድ ከገበያ ሰው መሃል እለየዋለሁ። መጥታ ቆመች። መርፌውን አነሣች። ጸጥ አለ። ከዚያ ጠብ! ሁለተኛው ገጽ ጀመረ። ከዘፈኑ ሥር ደግሞ ዱብ፣ ሸርተት እያለች ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከኩሽና ሆና «ያንን ጩኸት ቀንስ!» የምትለኝ እሷ፣ ሸክላው ሲያልቅ ገልባጭዋ እሷው ነበረች። ልጅ ሆኜ እግሬ ተሰብሮ የተኛሁ ጊዜ ሥራዋን እየጣለች መጥታ ትገለብጥልኝ ነበር፤ እየተሳደበች። «ባዶ ነገር ሲሽከረከር ማየት አልችልም» ትለኝ ነበር።

አሁን ይቅር በይኝ። ማጫወቻውን ያስወረድኩሽ ለገመዱ አልነበረም። መርፌ ጆሮ አለው። እጣውላው ላይ ካስቀመጥሽው ዘፈኑን ብቻ ሳይሆን ቤቱ ውስጥ የሚረግጠውን ሁሉ ይሰማል። ድሮ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት የእሷ እርምጃ ዘፈኔ ውስጥ እየገባ ስላስቸገረኝ ነው። ዘንድሮ ያንኑ እርምጃ ፈልጌ አስወረድኩት። የደበቃችሁኝ ነገር አለ ብዬ ጠርጥሬ ነበር። እታለም የለችም ብዬ፣ እስከዚያ ድረስ። ክፉ ልቤን ታዘቢው።

አለቃዬን ፈቃድ ጠየቅሁ፣ ተሰጠኝ። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ እመጣለሁ። እንዳትነግሪያት! ቀስ ብዬ ገብቼ፣ ሸክላውን በኃይል ከፍቼ፣ «ቀንስ!» እስክትለኝ ቁጭ ብዬ መጠበቅ ነው የምፈልገው። ከዚያ በኋላ ብሞትም አይቆጨኝ።

ጋሼሽ


የካቲት 24

ልጄ፤

ሁለት ወደብ አለፍን፣ ደብዳቤሽ የለም። ዝምታሽ ያልታጠበ ፋይል ይመስላል፤ ውስጡ የሚራመድ ነገር አለ። ጻፊ።

ጋሼሽ


መጋቢት 5

ጋሼ፤

ቆመው ከሆነ ይቀመጡ። ያ ወጥ ቤት ሠራተኛ በቅርብ ካለ ይጥሩት።

እትዬ አርፈዋል። ክረምቱ ሳይገባ ነው፣ በእንቅልፋቸው፣ ሳይሰቃዩ። ሻያቸውን ይዤ የገባሁት እኔ ነኝ። በውሃ ላይ ብቻዎን እንዳይሰሙት ተባብለን ደበቅንዎት። እማዬ አሁንም «ይምጣ፣ በር ላይ ተቀብለን እንነግረዋለን» ትላለች። እኔ ግን እርስዎ ሸክላውን ከፍተው «ቀንስ!» የሚል ድምፅ ሲጠብቁ በዓይኔ መጣብኝ፤ ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድልኝ አለ።

ይህን ያህል የዘገየሁት ግን መርዶውን ፈርቼ ብቻ አይደለም። ያንን ቅጂ ሰምቼዋለሁ።

ሳልሰማ ነበር የላክሁልዎት፤ ደብዳቤዎ ሲደርስ ከፈትኩት። እርስዎ እንዳሉት ነው። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አንድ ነገር አልጨመርኩም። በሩን ቆልፌ ነው የሄድኩት። የቤቱ ቁልፍ አንድ ነው፣ ከአንገቴ አይወርድም። የእትዬ ነጠላ ጫማ አልጋቸው ሥር ነው፤ ጎንበስ ብዬ አየሁት፣ አቧራው እንኳ አልተነካም።

የተማርኩትን ሁሉ ሞከርኩ ጋሼ። ቱቦ ነው አልኩ፣ ጎረቤት ነው አልኩ፣ ጣውላው ሲደርቅ ነው አልኩ። ቱቦ ግን መርፌ አያነሣም።

ከዚያ ሁለተኛ ቀዳሁት። ያንኑ ሸክላ፣ ያንኑ ገጽ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እኔው ወንበሩ ላይ ተቀምጬ። እግሬን ከወለሉ አንሥቼ እንዳልንቀሳቀስ ትራስ አቀፍኩ። ማንም አልገባም። ጣውላው አልጮኸም። በጆሮዬ የሰማሁት ዘፈን ብቻ ነው። ዘፈኑ አልቆ መርፌው ባዶው ላይ ሲሆን አላስቻለኝም፤ ቶሎ ብዬ ቅጂውን ዘጋሁት።

አንድ ዘዴ አለ። ሁለት ቅጂ ይወስዱና የአንዱን የድምፅ ሞገድ ገልብጠው ከሌላው ላይ ያሳርፉታል፤ ሁለቱም ላይ ያለው ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ የተለየው ይቀራል። ሸክላ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ዘፈኑ ግን እንደ ሩቅ ሬዲዮ ደበዘዘ። የቀረው እርምጃ ነው። ከመጀመሪያው ቅጂ እርስዎ የሰሙት። ከሁለተኛው ደግሞ ሌላ፤ ከኩሽናው ይመጣል፣ ዱብ፣ ሸርተት፣ እስከ ወንበሩ ድረስ። እዚያ ይቆማል። እኔ የተቀመጥኩበት ፊት ለፊት። ብዙ ቆይቶ ይመለሳል።

እንግዲህ ዲጂታሉ ባይኖር አልለያቸውም ነበር፤ ሸክላው ባይኖር አልሰማቸውም ነበር። የእኔና የእርስዎ ክርክር እዚህ ላይ ያብቃ።

ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ስለ ዋሸሁት፣ አሁን ስለ ነገርኩዎትም። ምን ላድርግ ጋሼ? ማጫወቻውን ልንቀለው? ቤቱን ልልቀቅ?

ልጅዎ


መጋቢት 29

ልጄ፤

ፈጣሪ አንቺንም እኔንም ያጽናን። ቆሜ ነበር፣ ተቀመጥኩ። ማንንም አልጠራሁም። ባሕሩ ለልቅሶ ይመቻል፤ የሚሰማም የሚያጽናናም የለም።

ቂም አልያዝኩም። እናትሽንም አትቆጫት። ደግሞ አታለልኩት ብላ አትኩራ። እታለም በሕይወቷ ሰላምታ ልካልኝ አታውቅም። የምትልክልኝ ስድብ ነበር። «ያ ደንቆሮ ኮት ይደርባል ወይስ አሁንም በሸሚዝ ነው?» ብላ ነበር የምታስጽፈው። «ሰላም ብላሃለች» የሚለውን ሳነብ ሆዴ ያኔውኑ ነገረኝ። ውሸታችሁ በጣም ጨዋ ነበር።

ስለዚህ ግማሹን ልቅሶዬን አስቀድሜ አልቅሼ ነበር። ከዚያ ያ ፋይል መጣና እንባዬን ከዓይኔ ላይ ወሰደው። አሁን ደግሞ መለስሽልኝ። አንዲት እህት ስንት ጊዜ ትሞታለች?

ማጫወቻውን አትንቀዪ። ቤቱንም በእኔ ቃል አትልቀቂ፤ ከፈራሽ ግን ውጪ፣ አልቀየምሽም። ካልፈራሽ አንድ የመጨረሻ ነገር አድርጊልኝ። ማጫወቻውን ወደ ግድግዳው መልሺው፤ ወለሉን እንዳይሰማ። ኮምፒውተሩን ዝጊ። መርፌም ቁጥርም ይውጡበት፤ አንቺ ብቻ ሁኚ፣ በሁለት ዓይንሽና በሁለት ጆሮሽ። ቀን ይሁን፣ ብርሃን ይኑር። የመጀመሪያውን ገጽ ክፈቺው። ሲያልቅ አትነሺ። ባዶውን ተዪው ይሽከረከር። የሚያስቆጣት እሱ ነው።

እኔ እመጣለሁ፣ ትኬቱን አልመልስም። ግን የምመጣው ወደ መቃብር ይሁን ወደ ቤት ማወቅ አለብኝ። ማንም ካልተነሣ «ማንም አልተነሣም» ብለሽ ጻፊልኝ፤ በቀጥታ ወደ መቃብሯ ሄጄ አርፌ አለቅሳለሁ። የተነሣ ካለ ግን አትጻፊልኝ። እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት ተጽፎ፣ ኪሴ ውስጥ ይዤው ውሃ ላይ መተኛት አልችልም። ስለ አየሩ ጻፊልኝ። ዝናቡን፣ ፀሐዩን፣ ነፋሱን። ይገባኛል። ከዚያ ወዲያ እኔም አልጠይቅሽም፣ አንቺም አትነግሪኝም።

ጋሼሽ


ሚያዝያ 14

ለማከብርዎትና ለምንናፍቅዎት ጋሼ፤

እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎስ? እኛ ደህና ነን።

ማጫወቻውን ግድግዳው ላይ መልሼ ሰቀልኩት፤ አሮጌው ብሎን ዛሬም ይይዛል። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ወለሉ ላይ ተዘርግታ ሳለ፣ የመጀመሪያውን ገጽ ከፈትኩ። ኮምፒውተሩን ዘጋሁ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ዘፈኑ አለቀ፣ መርፌው ባዶው ላይ ቀረ። እንዳሉኝም አልተነሣሁም።

አየሩ ደስ ይላል ጋሼ። ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ጭጋግ ነበር፤ ረፋዱ ላይ ይገፍፋል። ዝናቡ ይመጣል ሲሉት ይዘገያል፣ ረሱት ሲሉት ይመጣል። ከሰዓት በኋላ ከኩሽናው በኩል ትንሽ ነፋስ ይገባል። መጀመሪያ ቀዝቀዝ ይላል፣ ፀጉርም ያቆማል፤ ሲለምዱት ግን ክፉ ነፋስ አይደለም። ዛሬ ከወትሮው ቀረብ ብሎ ነፈሰ። ብዙም አልቆየም፤ ያለበትን ሥራ ሠርቶ በመጣበት ተመለሰ።

ያ ባለስቱዲዮ ቀጥሮኛል! እንኳን ደስ አለሽ ይበሉኝ። እናቱ ሥራውን አልፈልግም ብለው ነው መሰል። ሥራዬ አጠገብ ክፍል ልከራይ አስቤ ነበር፤ አየሩ እንዲህ ከሆነ ግን ለጊዜው እዚሁ እቆያለሁ ብያለሁ። እማዬ «ብቻሽን አይከብድሽም?» አለችኝ። «ነፋሻማ ቤት ነው፣ እወደዋለሁ» አልኳት።

ሥራ ላይ ብሆን ቁልፍ ፍለጋ አይዙሩ። ያንኳኩ፤ በሩ ይከፈትልዎታል። ሲመጡም ኮትዎን ይደርቡ። ከኮቱ በፊት የምትመጣውን የስድብ ቃል ግን እኔ አልጽፋትም፣ ራስዎ ያውቋታል።

ይህን የምጽፍልዎት ሳሎን ተቀምጬ ነው። ሸክላው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው። ድምፁንም ቀንሼዋለሁ።

ልጅዎ